ክዳኑም ይመለስ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 2፣ 2021

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነው። ሥራ ስል የምሠራበትን የግሮቭፖርቱን መጋዘን አይደለም፤ እዚያ ፓክ ለማድረግ ደብተር አያስፈልግም። ለዚህኛው ሥራ ገና ስም አልወጣለትም። ባጭሩ፣ የእርጎ ዕቃ ክዳን እቆራርጥና በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሀል አድርጌ በካውያ እተኩሰዋለሁ። ይቀልጥና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሲበርድ የሚተጣጠፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ይወጣዋል። ሰማያዊው ነጩ ውስጥ ሲገባ እኔ የሠራሁት አይመስለኝም።

የተጀመረው በዝርክርክነቴ ነው። ኦገስት ላይ አንድ ክዳን የጋለ ምድጃ ላይ ረሳሁ። ስፍቀው ዋልኩ፤ የተፋቀውን ግን መጣል አቃተኝና መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ ጤነኛ አይደለሁም።

ዛሬ ትልቅ ሞከርኩ። ካውያውን ከፍ አድርጌው ኖሮ ጨሰ። የጭሱ አላርም ጮኸ። ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተደበደበ።

"ሰምሀል! አንቺ ልጅ፣ ተቃጠልሽ?"

እትዬ ንግሥት ናቸው፣ ከታች ፎቅ። በሩን አንድ ስንዝር ከፈትኩና ክፍተቱን በሰውነቴ ደፈንኩት፤ ምክንያቱም ከኋላዬ ወለሉ ላይ ሠላሳ የሚያህል ዕቃ ተዘርግፏል፣ ግማሹ ተቆራርጦ። እርጥብ ፎጣ ይዘዋል። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ነው።

"ምንድነው የሚሸተው?"

"ቶስት ነው እትዬ።"

"ቶስት ዘንድሮ ፕላስቲክ ይሸታል እንዴ?" ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ከስተሻል።" ዞረው ሁለት ደረጃ ወረዱና ቆሙ። "የኔ ዕቃ አንቺ ጋ አልቀረም? ሰማያዊ ክዳን ያለው።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው እትዬ፤ እፈልገዋለሁ" አልኩ። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ የገባኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ለራሴ ማስታወሻ፦ የእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የባለቤቷ ስም የተጻፈበት ማስኪንግ ቴፕ አለ። ሙጫው ካውያ ሲነካው ስለሚጠቁር እየላጥኩ ነው። የላጥኩትን የዚህ ደብተር ሽፋን ውስጥ ለጠፍኩት፤ ሃያ ዘጠኝ ቴፕ። ለምን እንዳልጣልኩት እንጃ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 5

ብሬክ። መኪና ውስጥ። አሥራ አንድ ደቂቃ አለኝ።

ቀይ የለኝም። የቡና ጣሳ ክዳን ቀይ ነው ግን አይቀልጥም፣ ይኮማተርና ይሸታል። ነጭ ሞልቷል። ሰማያዊ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተቆርጦ ገብቷል። መሀል ላይ ነው ያዋልኩት፣ ከሁሉ ያምራል።

የእትዬ ንግሥት መሆኑን ስቆርጠው አውቅ ነበር ወይ? ብሬክ አለቀ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 9

ግማሽ አካሌን ሪሳይክል ገንዳው ውስጥ አስገብቼ፣ እግሬ ውጪ ሆኖ፣ ክዳን ስለቅም ሰው መጣ።

"ሰምሀል? አር ዩ ኦኬ?"

ጆሲ ነው፣ የእትዬ ንግሥት ልጅ። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ፣ ዳውንታውን የስቴት ቢሮ የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ እናቱን ሊያይ የሚመጣ። አማርኛው እናቱን "አንቺ" ይላል፣ ፖስታ ቤቱን "እርስዎ"። ክዳኑን ደብቄ ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። አፌ ግን "ላሳይህ?" አለ።

መስኮቱ ላይ ያለውን ቀርቦ አየው። ከዚያ ነገረኝ። ከጓደኞቹ ጋር እዚሁ ሬይኖልድስበርግ ጥፍር ይሠራበት የነበረ የተዘጋ የጥፍር ቤት ለአንድ ዊክኤንድ ተከራይተው የአርት ሾው ሊያሳዩ ነው፣ ኖቬምበር 20። ሁሉም ነገር ከማንም ቤት ከማይጠፋ ዕቃ የተሠራ። "ዩ ሃቭ ቱ፣ አንቺም ትገቢያለሽ። ይሄ ቶታሊ ኤክስፐሪመንታል ነው።"

እሺ አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ስለ አባቱ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ጋሽ እሸቱ ያረፉት ጁን ላይ ነው። ልቅሶው ላይ አልነበርኩም፤ ኦቨርታይም ነበረብኝ። ጆሲ መቅረቴን የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰው በዚያ ቀን ማን እንደመጣ ይቆጥራል?

ይቆጥራል። እናቱ ይቆጥራሉ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 13

አጠገቤ ፓክ የሚያደርገው ሳላሃዲን፣ የጎረቤቴ የፍርዶስ ባል፣ ዛሬ ቴፕ እየሳበ፦ "ሬስቶራንት ልትከፍቺ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ፍርዶስ ናት። ያንን ሁሉ ዕቃ ምን ልታደርገው ነው ትላለች። አምና ሾርባ የላከችልሽ አረንጓዴ ክዳኑ ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይለኛል። ከላይ በስተቀኝ ነው ያለው፣ ከነጩ ቀጥሎ። "እፈልግላታለሁ" አልኩት። ይህን ቃል በቴፕ ቀድቼ ብሄድ ይሻለኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 17

ዛሬ አልተኮስኩም። ካውያው ቀዝቅዞ ሲያዩት ዝም ብሎ ካውያ ነው። ስለዚህ የዕቃውን ነገር ልጻፈው፣ ሰው አያነበው።

አምና ዲሴምበር እናቴ አዳማ አረፈች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰባስቦ ገና ሳይነጋ ቤት ገብቶ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ኮቪድ ይዞኝ ቤቴን ዘግቼ ነበር። እናም ጋሽ እሸቱና እትዬ ንግሥት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በረዶ ላይ ቆመው ስሜን ጠሩ። ባልኮኒ ወጣሁ። ጋሽ እሸቱ ቀና ብለው አዩኝና ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያው ሲወልቅ ገባኝ። "አንቺ ልጅ፣ ጠንከር በይ" አሉ፤ የቀረውን አልሰማሁም። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ዕቃው ይመጣ ጀመር። ይደውላሉ፣ በሩ ሥር ያስቀምጣሉ፣ ይሄዳሉ። ምስር፣ ሽሮ፣ የፍርዶስ ሾርባ፣ የደራርቱ ጨጨብሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ኮሪደሩ ጭር ሲል አስገባለሁ። ለማንም አልከፈትኩም፣ ስልክ አላነሳሁም። ከዳንኩ በኋላም ዕቃውን አልመለስኩም። ባዶ ዕቃ አይመለስም፣ ነውር ነው። እኔ ደግሞ የምሞላው ነገር አልነበረኝም፤ ከዚያ ወዲህ ወጥ አልሠራሁም። ሳንድዊች ተሞልቶ አይመለስ ነገር።

ጋሽ እሸቱን አልተቀየምኳቸውም። መርዶ ነጋሪ ምን አጠፋ? ደረጃ ላይ ስንገናኝ ብቻ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደርግና "እሺ፣ እሺ" እላለሁ። ማንም አልደወለም። እሳቸውም ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ።

አንዷ ዕቃ እስከ ዛሬ ፍሪዘር ውስጥ ናት፣ አልተከፈተችም። ከሃያ ዘጠኙ ጋር አልቆጥራትም።

ለማንኛውም ሥራው ከእናቴ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቀለሙ ነው የሚስበኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 24

ጉድ ፈላ።

ጆሲ ሁለት ፌስታል ሙሉ ምግብ ተሸክሞ መጣ። "ፕሊስ ውሰጂልኝ። የማም ፍሪጅ አልዘጋ ብሏል።"

ምነው ስለው ተረከልኝ። ጋሽ እሸቱ አሥራ አንድ ዓመት ግሮቭፖርት ሲሠሩ ማስኪንግ ቴፕ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይመጡ ነበር። የሚስታቸው ዕቃ ሁሉ ሥር ይለጥፉና በማርከር ይጽፉበታል፣ ሁሉም ላይ የተለያየ ነገር። "ይህ ዕቃ እግር የለውም፤ አድርሱት።" "የንግሥት ነው። የምትጠይቀው ግን እኔን ነው።" እትዬ ንግሥት ከጁን ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ ዕቃቸውን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። ሕንፃው ሁሉ ቆጣቢ ሆኑ እያለ ያማቸዋል። ሰው ደግሞ ባዶ አይመልስ፤ ዶሮ፣ ክትፎ፣ ፓስታ እየሞላ ይልክላቸዋል። እሳቸው የሚፈልጉት ሥሩን ነው። ያጥቡትና ሼልፍ ላይ ገልብጠው ይደረድሩታል።

"ኤቭሪ ሞርኒንግ ታነባቸዋለች" አለኝ ጆሲ። ሳቀ፣ ከዚያ ተወው። "ሁለት ይጎድላታል። አንቺ ጋ የለም አይደል?"

"እፈልጋለሁ" አልኩ። እንደ በቀቀን።

ሲወጣ ደብተሩን ገለበጥኩ። አለ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፦ የንግሥት ነው። ይመለስ። ክዳኑም።

ቴፑን ስላልጣልኩት ተመስገን። ዕቃውን ግን ቆራርጬዋለሁ። ክዳኑ ቀልጦ የሥራዬ ልብ ሆኗል። እኔ የሰው ባል እጅ ጽሑፍ ልጬ ደብተር ውስጥ የምደብቅ ሴት ነኝ። ምን ይዋጠኝ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 27

ብሬክ። ፕላን አለኝ። ያንኑ ዓይነት ዕቃ ገዝቼ ቴፑን እለጥፍበታለሁ። እርጎውን እበላለሁ፣ ምግብ እሞላለሁ፣ አስረክባለሁ። ውሸት አይባልም፤ ቴፑ እውነተኛ ነው።

ሦስት ግሮሰሪ ዞርኩ። ካምፓኒው ክዳኑን ወይን ጠጅ አድርጎታል። አሁን ካልጠፋ ቀለም!

እሑድ፣ ኦክቶበር 31

ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃ ሳላሃዲን አገኘልኝ፣ አማቱ ቤት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። "ለሬስቶራንቱ ነው አይደል?" አለ ብቻ።

ቴፑን ከሽፋኑ ሳነሳ ተቀደደ። "የንግሥት ነው። ይመለስ።" የሚለው በሰላም ተነሳ። "ክዳኑም" ደብተሩ ላይ ቀረ። በጥፍር፣ በቢላ፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞከርኩ። ብነካው ይበጣጠሳል።

እና ምን አደረግኩ? ማርከር አነሳሁ። ካርቶን ላይ አሥራ አራት ጊዜ "ክዳኑም" ጻፍኩ፣ የሳቸውን እያየሁ። ውጪ ልጆች ለሃሎዊን ጭራቅ መስለው በር ለበር ይሄዳሉ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ጋሽ እሸቱን መስዬ ተቀምጫለሁ። አሥራ አምስተኛውን ቴፕ ላይ ጻፍኩትና ቀጠልኩት። ከሩቅ ምንም አይልም።

ደወሉ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ከረሜላ ፈላጊ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር፣ አይ፣ ኖቬምበር 6

ፓስታ በሥጋ ሠራሁ። ሽንኩርቱን ሁለቴ አሳረርኩ፤ ዓመት ሙሉ ድስት ካልነኩ እጅ ይረሳል። ሞላሁት። ወረድኩ። ጫማዬን በእጄ ይዤ። በራቸው ሥር አስቀመጥኩ፣ ደወልኩ፣ ሮጥኩ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

ከደረጃው መታጠፊያ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ዕቃው ሲነሳ ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ጊዜ በሩ ሳይዘጋ ቆየ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 7

ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ ዛሬ። እኔን ግን ወደ ትናንት አልመለሰኝም።

ጆሲ ያንኑ ዕቃ ይዞ መጣ። ገንፎ ተሞልቷል። ሥሩን አየሁት፤ ቴፑ ተነስቷል።

"ሜሴጅ አለኝ" አለ፤ ስልኩ ላይ ጽፎ ይዞት ነበር፣ እንዳይረሳ። አነበበልኝ፦ "ቴፑ የሱ ነው፣ ተቀብያለሁ። 'ክዳኑም' ያለው ግን እሱ አይደለም። ዕቃውም የኔ አይደለም፤ የኔ ጎኑ ላይ ምድጃ የነካው ጠባሳ አለው። ፓስታው ጨው ያንሰዋል እንጂ ደህና ነው። ሁለተኛ ደውላ እንዳትሮጥ፤ ጉልበቷን ለግሮቭፖርት ታስቀምጥ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ታች ግን ያሉት እሳቸው ናቸው።

ለጆሲ ሁሉንም ነገርኩት። ትልቁን ሥራ ዘርግቼ መሀሉን አሳየሁት፣ ሰማያዊውን። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ዌይት፣ የማም ዕቃ ሾው ላይ ነው?" ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። "ዳድ ይወደው ነበር" አለ።

"አንተ ንገርልኝ።"

"ኖ ዌይ። እፈራታለሁ።"

ስለ ሥራው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ፣ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። "ቢዩቲፉል ነው። ግን የሆቴል ሎቢ ይመስላል። ከውስጡ የሆነ ነገር አውጥተሽበታል።" ምን እንዳወጣሁበት አውቃለሁ። ሽፋኑ ውስጥ ተለጥፏል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 10

ግዴታ ኦቨርታይም ተጀመረ። የእውነቱን ነው አሁን። በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ ማሸግ። ጁን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ጁን ላይ የጋሽ እሸቱ ልቅሶ ቀን ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ጥቁር ለብሼ።

ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 14

ወረድኩ። በራቸው ድረስ። ቴሌቪዥኑ ይሰማል። እጄን አነሳሁ። ተመለስኩ። ቆሻሻ ልጥል የወረድኩ እንዲመስል ደምፕስተሩ ድረስ ሄድኩ፤ የምጥለው ነገር አልያዝኩም። የመኪናዬን ደረሰኞች ጣልኩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 16

ቴፖቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ሥራው ላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር እየሰፋሁ ነው፣ እያንዳንዱን በገዛ ክዳኑ ላይ። የማስታውስ አልመሰለኝም ነበር። ሁሉንም አስታውሳለሁ። ይቺ ፍርዶስ፣ ሾርባው ቃሪያ ነበረው። ይቺ ደራርቱ፣ ቅቤው በክዳኑ ወጥቶ ነበር። ያቺ "አፓርትመንት 3ቢ" ብቻ የምትለዋ፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለቴ ነው የላከችው።

ስማቸውን ካወጣሁ ዕቃቸውን እንደቆረጥኩት ሁሉም ያውቃል። ይወቁ።

የእትዬ ንግሥት ቦታ ባዶውን ነው። ከሾው በፊት መሄድ አለብኝ። ስማቸው የሌለው የእሳቸው ብቻ ሆኖ እዚያ ቢመጡ አልችለውም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 19

ሲክ ኮል አደረግኩ፣ አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ትንሽ ውሸት ነው።

ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ያቺ ያልተከፈተችው ዕቃ ከኋላ ግድግዳው ጋር በበረዶ ተጣብቃለች፤ በማማሰያ እጀታ ነው ያላቀቅኋት። በፎጣ ጠቀለልኳት። ጫማዬን አድርጌ ወረድኩ። አንኳኳሁና ቆምኩ።

እትዬ ንግሥት ከፈቱ። እግሬን አዩ። "ዛሬ አልሮጥሽም" አሉ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" ልል ነበር፣ ደረጃው ላይ ስለማመደው ነው የወረድኩት። ከአፌ የወጣው ግን "ኦቨርታይም አልነበረብኝም" ሆነ።

"አውቃለሁ። እሸቱ አሥራ አንድ ዓመት ግሮቭፖርት ሠርቷል። ጁን ላይ ኦቨርታይም ኖሮ አያውቅም። ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ።"

ሼልፉን አየሁት። የተገለበጡ ዕቃዎች ተደርድረዋል፣ የጋሽ እሸቱ ጽሑፍ ወደ ላይ። መጨረሻ ላይ ያቺ እኔ የቀጠልኳት ቴፕ ለብቻዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ከደብተሬ ሽፋን በመቀስ የቆረጥኩትን "ክዳኑም" አውጥቼ ሰጠኋቸው። ዕቃውን መቁረጤን፣ ክዳኑን መተኮሴን፣ አሥራ አምስት ጊዜ ማስመሰሌን ሁሉ ተናገርኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙ።

"የሱ 'ክ' ትጎብጣለች። ያንቺ ወታደር ነው የምትመስለው። ሳየው አውቄያለሁ" አሉ።

ከዚያ ፎጣውን ፈታሁ። "ባዶ አይመለስም ብዬ ነው።"

ክዳኑን ከፈቱና አሸተቱ። በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። "ይሄ የኔ ምስር አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"የአምናው?"

"የአምናው።"

ሳቁ። ጠረጴዛውን ይዘው፣ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ እኔም ሳቄ መጣ። "በሰማንያ ዓመቴ የራሴን ምስር በስጦታ ልቀበል?" አሉ፤ ሰማንያ አይሞላቸውም፣ ስድሳ ስድስት ናቸው። እየሳቁ፣ እጃቸው እንደለመደው፣ ክዳኑን ገጥመው ዕቃውን ገለበጡት። ሥሩን በረዶ ሸፍኖታል። በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

አነበቡ። ሳቁ ቆመ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ዕቃውን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።

"ይሄን መቼ እንደጻፈው አላየሁም" አሉ። "እኔ ነኝ የሞላሁት። ደረጃውን ይዞ የወጣው ግን እሱ ነው።"

አለቀስን። እሳቸው ለእናቴ፣ እኔ ለጋሽ እሸቱ፤ ቆይቶ ማን ለማን እንደሚያለቅስ ጠፋብን። እናቴ ምን ትወድ እንደነበር ጠየቁኝ። ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም፤ ማንን አስጠግቼ። ጋሽ እሸቱ ያን ቀን ከፓርኪንጉ ተመልሰው እስከ ምሳ ኮፍያቸውን አላደረጉም አሉኝ።

ምስሩን አሞቁትና በላነው። ምንም ጨው የለውም። "እሱ ነው ያስቀነሰኝ፣ ለደም ግፊቱ" አሉ። አልጨመሩበትም።

ስነሳ ቴፑን ከዕቃው ላጡት። ሼልፉ ጋ ሊለጥፉት መስሎኝ ነበር። "ይሄ ለኔ አልተጻፈም" ብለው እጄ ላይ ለጠፉት። ደረጃውን እሱን እጄ ላይ እንደተለጠፈ ይዤ ወጣሁ። አሁን እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ፦

ዕቃው ቢቀር ይቀራል። ልጅቷ ትመለስ። እሸቱ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 21

ሾው ትናንት ነበር። እግሬ ዛሬም ያመኛል፣ ግን ልጻፈው።

ሥራዬን የጥፍር ቤቱ ትልቁ መስኮት ላይ ሰቀልነው። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትመጣ ወለሉ ሁሉ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነ። ጆሲ ርዕሱን "ይመለስ" ብሎ በሁለት ቋንቋ ለጠፈ። ጠረጴዛ ላይ ቺዝና ብስኩት ደርድሮ ነበር። ሕንፃችን ግን ባዶ እጁን የትም አይሄድም፤ ሁሉም ዕቃ ይዞ መጣ። ቺዙን ማንም አልነካውም።

ፍርዶስ ስሟን አገኘችና ሳላሃዲንን ጠራችው። "ና እይ፣ ሬስቶራንት ያልከው ይኸውልህ።" እሱ ነው ወይስ እሷ ያለችው ተጨቃጨቁ። "ይቅር በይኝ፣ ቆርጬዋለሁ" አልኳት። "ይሁን፣ እዚህ ያምራል። ሾርባውስ ጣፈጠሽ?" አለች። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ልትጠይቀኝ የፈለገችው ይህንን ነበር። እንደጣፈጠኝ ነገርኳት።

አንዲት የማላውቃት ሴትዮ "3ቢ" የሚለው ሥር ቆማ ፈገግ ትላለች። ስሟን ጠየቅኳት። ደራርቱ ናት እሷም። ሁለት ደራርቱ አለን።

እትዬ ንግሥት ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "የት ነው የሚቀመጠው?" ነበር። የቀረው ወንበር ድሮ እግር የሚታጠብበት ትልቁ ወንበር ብቻ ነው። እሱ ላይ ወጥተው እንደ ዳኛ ተቀመጡና ሁለት ሰዓት ሙሉ ስም አነበቡ። መሀሉ ላይ፣ ሰማያዊው ጋ፣ ጠዋት ራሳቸው ከቤታቸው አምጥተው ያሰፉኝን አዩ፤ የሱ ቴፕ፣ "ክዳኑም" የሚለው በቦታው ተመልሶ። አንዲት ፈረንጅ ጎብኚ ሥራው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። "ምን አለች?" አሉ ጆሲን። ነገራቸው። "ዕቃ ስትወስጂ መልሺ ማለት ነው በላት።"

ልንዘጋ ስንል ጠሩኝ። ሽሮ የተሞላ ዕቃ ከቦርሳቸው አወጡ፣ ሥሩ ባዶ። ከዚያ ማርከርና የተጋመሰ ማስኪንግ ቴፕ አወጡ፤ የጋሽ እሸቱ ነው።

"ማን ይጽፍልኛል እንግዲህ?"

"እትዬ፣ የሳቸውን ማስመሰል..."

"ማን አስመስዪ አለሽ? በራስሽ እጅ።"

ሽሮው እንዳይፈስ ጆሲ ዕቃውን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ፤ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከሥሩ ቀና ብዬ ጻፍኩ። የንግሥት ነው። ይመለስ። ክዳኑም።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አነበቡት።

"'ክ'ሽ አሁንም ወታደር ነው" አሉና ዕቃውን ሰጡኝ።